እናቴንና ልጄን ይዤ ረግረግ ዳር ልንሸራሸር፤ የት ልሂድ?

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት ጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ እሑድ ማታ ነው። ነገሩ ቀላል ነበር። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ዳገት አይወድም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እሷ ደግሞ መቀመጥ አትወድም። ሁለቱን የሚያስማማ ነገር ስፈልግ ከርሜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሜዳ የሆነ፣ ውሃ ያለበት፣ ወፍ የሚታይበት ቦታ። ተራራ የለ፣ ደረጃ የለ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር፣ ከዚያ ምሳ። ከአዲስ አበባ በጠዋት ወጥተን ማታ ቤታችን ብንገባ ደስ ይለኛል ብዬ ጻፍኩ። ልጄ በመጽሐፍ ላይ ብቻ ያየችውን ባለረጅም እግር ወፍ በዓይኗ ማየት እንደምትፈልግም ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ፣ ጨለለቃ የሚባለው ሐይቅ ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ፣ እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

የትኛው ጨለለቃ እንደሆነ አልጻፍኩም። አንድ ብቻ ያለ ነበር የመሰለኝ። ይቺ ጥፋቴ በኋላ ሰው አጣላች።

ሦስት አራት መልስ ነበር የጠበቅኩት። ሃያ ሰባት ሆነ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረጅም ስለሆነና ግማሹም ስለ ሌላ ነገር ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አንደበት ላውጋችሁ።

መልስ 1 አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ ለእናቴ ጤና ተመኘ። ቀጥሎ ባቱ ሂድ አለኝ፤ እሱ ግን እስካሁን ዝዋይ ነው የሚለው። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለደርሶ መልስ እንደሚያደክም ራሱ አምኗል። ያም ሆኖ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የሚሻል የለም ባይ ነው። ከጀልባ ማቆሚያው ወደ ውሃው የሚገባው መንገድ ግራና ቀኙ ፊላ ነው። ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ወፉ ራሱ ይመጣለታል። እዚያ አንድ ወፍ አለ፣ ጣቶቹ ከቁመቱ ጋር ጨርሶ የማይመጣጠኑ፣ በውሃ አበባ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ እንደ ልቡ የሚራመድ። እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል። ያን ጊዜ የጫጩቶቹ እግሮች ከጎኑ ተንጠልጥለው ስለሚታዩ፣ አንድ ወፍ ስድስት ሰባት እግር ያበቀለ ይመስላል። ልጅህ ይህን ካየች ሌላ አትጠይቅህም አለኝ።

መልስ 2 የአንዲት ሴት ነው፣ ሁለት መስመር። እንዲህ ያለ አባት ወፍ ውስጥ ብቻ ነው የቀረው አለች። መልስ 3 ላይ አንዱ ተቆጣ፤ ሁሉንም ወንድ በአንድ ሙቀጫ አትውቀጪ ብሎ። መልስ 4 ላይ ተመልሳ መጣችና የራሷን ታሪክ ነገረችን። እዚህ አልደግመውም። ገና አራተኛው መልስ ላይ ከወፍ ወጥተን ቀለብ መቁረጥ ውስጥ ገብተን ነበር ብል ይበቃል።

መልስ 5 የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ጨዋታ ታውቃለች። አሞራ ገደል ጠዋት 1 ሰዓት ድረስ አለችኝ። አጥማጆቹ መረባቸውን ጎትተው ሲገቡ ቆሮሶው እዚያው ዳር ላይ ይበለታል። አንጀቱ ከመወርወሩ በፊት አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈዋል። ቁመታቸው ልጅህን ይበልጣል አለች። ራሳቸው መላጣ፣ ጉሮሯቸው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ ክንፋቸውን እንደ አሮጌ ካፖርት ደርበው የቆሙ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ንፍሮ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ነው የሚመስሉት። አንዱ ከእንግዳ እጅ አሣ ከነላስቲኩ መንጭቆ ሲሄድ አይታለች። ከዚያ በፍቅር ሐይቅ በኩል ዳር ዳሩን መሄድ ነው፤ መንገዱ ደልዳላ ነው። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ። ጦጣም አለ፤ ሙዝ በእጅ ይዞ መሄድ አይመከርም። 270 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ግን እደሩ አለች።

እዚህ ላይ ብታቆም መልካም ነበር። በመጨረሻው መስመር ጨለለቃን እርሳው፣ ሞቷል፣ ከሞተ ቆየ፣ ዛሬ ከብት የሚግጥበት ጭቃ ነው ብላ ደመደመች።

መልስ 6 ከቢሾፍቱ ነው የመጣው፤ ሰላምታ እንኳን የለውም። እሱ ቤቱ ከጨለለቃ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ክሬን የሚባሉት ባለረጅም እግር ወፎች በመቶ እየሆኑ ሲያርፉ በዓይኑ አይቷል። ያላየ ሰው ባይጽፍ ጥሩ ነው አለ። መልስ 7 ላይ የሐዋሳዋ ልጅ ብረቷን ስላ መጣች። እናቷ በልጅነቷ ውሃ ታይበት የነበረውን ቦታ ዛሬ በሬ ቆሞበት እሷ ራሷ አይታለች፤ ውሸታም ተብላ ዝም አትልም። መልስ 8 ዓይንሽን ተመርመሪ የሚል ዓይነት ነበር። መልስ 9 ሁለቱንም የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ለመሳደብ የገባ። እኔ በመሀል ኧረ ተረጋጉ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጽፌ አጠፋሁት። ጨው ላልጨምር።

ያስታረቀን መልስ 10 ነው። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ልጆች፣ ስለ ሁለት ሐይቅ ነው የምትጨቃጨቁት አሉ። አንደኛው ጨለለቃ ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ነው። ውሃው በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ከሐምሳ ዓመት በፊት የለየለት ሐይቅ ነበር። በምሥራቅ በኩል ያለው ደጋ ደኑ ሲመነጠር አፈሩ እየታጠበ ወረደና ሞላው፤ ዛሬ ረግረግ ነው። ሌላው ጨለለቃ ቢሾፍቱ ነው። ከእነ ሆራና ከእነ ባቦጋያ ጋር አይምታታባችሁ አሉ፤ እነዚያ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፣ ይሄኛው ግን ገበታ ላይ የፈሰሰ ውሃ ማለት ነው። እሷም እውነቷን ነው፣ እሱም እውነቱን ነው። ጥፋተኛው ጠያቂው ነው አሉና፣ ቦታ ስትጠይቅ ወረዳውን ጥቀስ ብለው ለእኔ ተግሣጽ አወጡ። ተቀብያለሁ።

መልስ 11 የቢሾፍቱው ልጅ ይቅርታ ነው፤ ግማሽ ይቅርታ። ጋሼን ስላከበርኩ ነው አለ። መልስ 12 ላይ የሐዋሳዋ አንዲት ቀይ ልብ ብቻ አስቀመጠች።

ሰላም ወረደ ስንል መልስ 13 መጣ። ይሄኛው ሰው የቢሾፍቱውን ጨለለቃ ነው የሚያወራው፣ ከነአድራሻው። ግንቦት ላይ እንግዳ ይዞ ሄዶ ያገኘው ከብት፣ አቧራና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ነው። እንግዳው ሐይቁስ ሲለው አፍሮ ተመለሰ። እንደ ሐሮማያ ሆኗል አለ። እዚህ ጋ ጋሼ በቅንፍ ያህል ገብተው ሐሮማያ እኮ ደርቆ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሷል አሉት፤ ምሳሌው ሊሠራ ያሰበውን አልሠራም።

መልስ 14 የክሩ ጨው ነው፤ ሁሉም ሰው እዚህ ድረስ ቢያነብ ኖሮ ሌላው ባልተጻፈ። የጻፈው ያው የቢሾፍቱው ልጅ ነው። አሁን ግን ቁጣው በርዷል። ግንቦት ላይ ብትሄድማ እኔም ውሃ አላሳይህም አለ። ጨለለቃ ጥልቀት የለውም። ክረምት ሲጥል ይሞላና ሜዳው ላይ ይንጣለላል። መስከረም ላይ ውሃው ሞልቶ ወፉ ጥቂት ነው፤ እንግዶቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። አውሮፓና ሩሲያ ብርዱ ሲገባ ዳክዬዎቹ መውረድ ይጀምራሉ። አንዱ ምንቃሩ ማንኪያ የመሰለ ነው፣ ሌላው ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለ። እነዚያ እዚህ አይወልዱም፤ በጋውን ከርመው ይሄዳሉ። በላሞቹ እግር መሀል ጅራቱን እየነቀነቀ የሚሮጠው ሆዱ ቢጫ ትንሽ ወፍም ከዚያው የመጣ ነው። ከኅዳር በኋላ ውሃው መሸሽ ይጀምራል። ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ ጭቃው ውስጥ ትል አለ፤ ያኔ እግረ ረጃጅሞቹ ዳር ዳሩን ይሰለፋሉ። በየቀኑ ዳርቻው ስለሚቀየር ባለፈው ሳምንት የቆምክበት ቦታ ዛሬ ከውሃው ሃምሳ እርምጃ ርቆ ታገኘዋለህ። መጋቢት ሲገባ ክሬኖቹ ይነሳሉ። ሚያዝያና ግንቦት የከብት ነው።

ስለ ሰዓቱ የጻፈው ደግሞ ለእኔ ከሁሉም በለጠ። ክሬኖቹ ቀኑን ውሃው ላይ አይውሉም። ጎሕ ሲቀድ ተነስተው ወደ እርሻ ይሄዳሉ፤ የተራገፈ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ ይለቅማሉ። የሚመለሱት ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብ ወይ ቀበሮ ቢመጣ የውሃው ድምፅ ያነቃቸዋል። ስለዚህ ቁርስ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ላይ ሄዶ ምንም አላየሁም የሚል ሰው ትክክል ነው፤ ምንም የለማ! ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ወይ ማታ።

ከዚያ መልስ 15። ይህ ሰው ከእስራኤል ሰሜን ነው የጻፈው፤ አማርኛው የጎንደር ነው። እነዚህ ወፎች በኔ ደጅ ነው የሚያልፉት አለ። ሁላ የሚባል ሸለቆ አለ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ረግረጉን ወባ ለማጥፋትና እርሻ ለማስፋት ብለው አደረቁት። የደረቀው አፈር ተቃጠለ፣ አቧራ ሆኖ በነፋስ ተነሳ፤ እርሻውም እንደታሰበው አልሆነም። በዚያው በፈረንጆቹ በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ ለቀቁበት። ዛሬ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ክሬን ያርፍበታል። የተወሰነው እዚያው ይከርማል፣ የተወሰነው ወደ ኢትዮጵያ ይቀጥላል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዙሪያውን በእግርም በብስክሌትም ይኬዳል። እግሩን ለሚያመው ሰው በትራክተር የሚጎተት ጋሪ አለ፤ ወፎቹ ትራክተሩን እንደ እርሻ መሣሪያ ስለሚያዩት አይሸሹም፣ መሀላቸው ገብቶ ይቆማል። ገበሬው እህሌን ጨረሱ ሲል ምን ተደረገ? አንድ ማሳ ላይ በቆሎ ይበተንላቸዋል፤ እዚያ ሲጠግቡ ሌላውን ይተዉታል። በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞተው ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ አይቷል፤ ያን ዓመት መሄድ አልቻለም።

አንድ ነገር ደግሞ በመጨረሻ ጻፈ። አባቱን መጀመሪያ ሁላ የወሰዳቸው ቀን ድምፁን ገና ከሩቅ ሲሰሙ ቆመዋል። እነዚህን አውቃቸዋለሁ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሽምብራ ሲለቅሙ በወንጭፍ አባርሬያቸዋለሁ አሉት። አገር ከገቡ ገና ስምንት ወራቸው ነበር፤ የሚያውቁት ነገር ያገኙት ያን ቀን ነው።

መልስ 16 ወፎቹ ቪዛ አይጠየቁም የሚለው ቀልድ ነው። ይህ ቀልድ ወፍ በተነሳበት ክር ሁሉ ውስጥ አለ፤ ሁልጊዜም ብዙ ላይክ ያገኛል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ጠግቤዋለሁ።

መልስ 17 መረር ያለ ነው። የአድአ ገበሬ ልጅ ነኝ ይላል። እናንተ በባይኖኩላር የምታደንቁት ወፍ የአባቴን ሽምብራ ይጨርሳል አለ። ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ፣ ዋልካው የያዘውን እርጥበት ተማምኖ የሚዘራ ነው። ቡቃያው ብቅ ሲል እነሱም ከተፍ። ሕፃናት ትምህርት ቀርተው ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። እስራኤል በቆሎ የሚበትን መንግሥት ካለ እሰየው፣ እኛ ጋ ማን ይበትናል? ረግረግ ይጠበቅ የምትሉም ከብቱ በጋውን የት ይሂድ እንደሆነ ንገሩን። ለዚህ የሚበቃ መልስ የሰጠ ሰው የለም። የእስራኤሉ ሰው ብቻ ልክ ነህ ወንድሜ አለው። እኔም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ሰውየው ያነሳው ነገር ግን እስከ መጨረሻው ከክሩ አልወጣም፣ ሁሉም ዙሪያውን ነው የዞረው።

መልስ 18 ይህ ሁሉ ርቀት ለምን አለ። ገፈርሳ 18 ኪሎ ሜትር ነው። በግድቡ ዙሪያ ያለው ጨፌ ላይ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ይታያል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ሲሄድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያስተኛዋል፤ ትራስ የያዘ ይመስላል። ብርድ ግን አለ፣ ለእናትህ ጋቢ ያዝ። መልስ 19 ከሆለታ ወዲያ በርጋ ረግረግ ላይ የሚገኘውን ድንክ ወፍ አነሳ። በዓለም ላይ ቁጥራቸው እጅግ ከመነመኑት አንዱ ነው፣ ለልጅህ ታሪክ ይሆናታል አለ። መልስ 20 በላዩ ላይ ወረደበት። ያ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው በክረምት፣ ሣር ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው። በዓይን አይታይም፣ በእግር ግን ይረገጣል። የአካባቢው ሕዝብ ሣሩ እስኪረዝም ከብቱን አግዶ ሲጠብቅለት፣ አንተ የአዲስ አበባ ሰው በቦቲ ትልክበታለህ? አለው። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። መልስ 19 የራሱን ጽሑፍ አጠፋው። አሁን ክሩ ላይ ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረው።

የዚያን ድንክ ወፍ ስም አትጠይቁኝ። መልስ 21 የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ወፎች ለምን የአማርኛ ስም የላቸውም በሚል። አንዱ አለ፣ ሽመላ አለ። ሌላው ሽመላ ረጅም እግር ላለው ሁሉ የምንለጥፈው ስም ነው አለ። አንድ ዲያቆን በመሀል ገብቶ ሽመላ በሰማይ ጊዜዋን እንደምታውቅ ኤርምያስ ምዕራፍ 8 ላይ ተጽፏል አለ። አባ ኮዳ ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያለው ያ መላጣው ነው ወይስ ትልቅ ምንቃሩ ውስጥ አሣ የሚያጠራቅመው ነጩ? ሐዋሳና ባቱ እዚህ ላይ አልተስማሙም። ጋሼ መለያውን ነገሩን፤ ይህ ጠቀመኝ። ሲበር አንገቱን አጥፎ የሚሄደው አንድ ወገን ነው። አንገቱን ዘርግቶ፣ ዝም ብሎ የሚሄደውና ዛፍ ላይ የሚያርፈው ሽመላ ነው። አንገቱን ዘርግቶ እንደ መለከት እየጮኸ የሚሄደውና ዛፍ የማይወጣው ክሬን ነው።

መልስ 22 የመስቀል ወፍን አመጣ። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰውን እንደ መስቀል ወፍ እንላለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም አለ። ረግረግ ዳር፣ ረጅም ሣር ላይ የሚኖር ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው አለ፤ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ ስለሚውል ማንም አያየውም። ክረምት ሲገባ ወንዱ ሴት ለመጥራት ደማቅ ቀለም ይለብሳል፤ እኛ የምናየው ያኔ ነው። መስቀል አልፎ ቀለሙ ሲረግፍ ጠፋ እንላለን። የትኛው ወፍ ነው በሚለው ላይ ግን ሦስት ሰው ሦስት ነገር አለ፤ ቀይ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ጅራተ ረጅሙ ነው። ለልጄ ይህን ስነግራት፣ ታዲያ እኛ ነን በዓመት አንዴ የምናየው እንጂ እሱ ነው በዓመት አንዴ የሚመጣው አይባልም አለችኝ። መልስ የለኝም።

መልስ 23 ምክር ብቻ ነው፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ጠቃሚ። ስኒከር አታድርጉ፣ ዋልካ ጫማ ይበላል። ቦቲ ወይም የማታዝንበት ጫማ። ለእናትህ የምትቀመጥበት ዱካ ይዘህ ሂድ። ፀሐይዋ ከጀርባህ ትሁን። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናትና ካሜራህን የት እንደምታዞር አስብ። ከብት የሚጠብቁትን ልጆች አስቀድመህ ሰላም በል፤ የት እንደሚረገጥና የት እንደሚሰመጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ባቱና ሐዋሳ ከሄድክ ደግሞ ውሃው ውስጥ እግር መንከር የለም፣ ቢልሃርዚያ አለ፤ ጉማሬም አለ። መልስ 24 ሚኒባስ እናከራያለን የሚል ነበር፤ አስተዳዳሪው አነሳው።

መልስ 25 የኔ ነው። ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ የቢሾፍቱው ጨለለቃ ሄድን። ከ9 ሰዓት በኋላ ነው የደረስነው። መልስ 23 ያለውን ሁሉ አደረግኩ፣ ከአንድ ነገር በቀር። እናቴ ቦቲ እምቢ አለች። ሰው ምን ይለኛል አለች፤ ረግረግ ላይ! በበዓል ጫማዋ ሄደች። አሥር እርምጃ እንኳ ሳንሄድ ግራ እግሯ ገባ። እግሯን ስታወጣ ጫማው እዚያው ቀረ። ሳብኩት፣ ጧ የሚል ድምፅ አሰምቶ ወጣ፤ ወጥቶ ደግሞ ጫማ አይመስልም፣ ጭቃ የተለሰነ ጡብ ነው። ከብት ጠባቂዎቹ ልጆች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እናቴም ሳቀች። የቀረውን መንገድ ከልጆቹ አንዱ ባሳየን ደረቅ ጠርዝ ላይ፣ ልጄ ትርፍ ካልሲዋን ለአያቷ አጥልቃላት ሄድን። በጠቅላላው ከአንድ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዱካው ላይ ተቀመጠች።

እናቴ ወፍ ለማየት አልቸኮለችም። መጀመሪያ ያየችው ቄጠማውን ነው። ይሄ እኮ ቄጠማ ነው፣ ለበዓል በውድ የምንገዛው አለች። ሁለት ሴቶች ወዲያ ማዶ ጎንበስ ብለው እያጨዱ ነበር፤ አንዷ በማጭድ ከሥሩ እየቆረጠች፣ ሌላዋ በራሱ በቄጠማው እያሰረች። እናቴ ተጣራችና ዋጋ ጠየቀቻቸው። አንድ እስር ገዝተን ነው የተመለስነው።

11 ሰዓት ከሩብ ላይ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከእርሻው በኩል፣ ከሩቅ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚንከባለል ጥሩንባ ነገር። ከዚያ መስመሩ ታየ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት መስመር። አንገታቸው ተዘርግቷል። ልጄ ስትቆጥር 83 ላይ ስትደርስ ሁለቱ መስመሮች ተቀላቀሉባትና ተናደደች። ሲያርፉ እግራቸውን ወደፊት አንጠልጥለው፣ ክንፋቸውን እንደ ጃንጥላ ከፍተው ነው የሚወርዱት። በመነጽሩ ሳይ አመዳማ ናቸው፤ አንገታቸው ጥቁር፣ ከዓይናቸው ወደ ታች ነጭ መስመር። በብዙዎቹ መሀል አናታቸው ገና ቡናማ የሆነ አሉ። ከልጆቹ አንዱ ልጆቻቸው ናቸው አለን፤ በእርግጥም ሁልጊዜ በሁለት ትልልቆች መሀል ነበሩ። እናቴ መነጽሩን ተቀብላኝ ብዙ ቆየች። እነዚህ ሁሉ ከዚያ ድረስ ልጃቸውን ይዘው መጡ? አለች።

ይህን ሁሉ ጻፍኩና ሁሉንም አመሰገንኩ። መልስ 26 የእስራኤሉ ሰው ነው፤ እግራቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት ያለው አይተህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፊንላንድና ኢስቶኒያ ጫጩት ሳሉ ያጠልቁላቸዋል፤ ሁላ ላይ አንዳንዱን እሱ አይቷል። አላየሁም። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ነበር።

መልስ 27 ትላንት ነው የመጣው። ክሩን ያነበበ አይመስልም። ጨለለቃ ደርቋል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የትኛው፣ በየትኛው ወር ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም።